አራትን የምትጥለው አስተማሪ

በልጅ ልጄ አስተማሪ ሰማያዊ ሽርጥ ላይ ሁለት ሰፋፊ ኪሶች አሉ። በቀኙ ሶፍት፣ የእርሳስ መቅረጫና ከልጆች ልብስ የተበጠሱ ቁልፎች ይገኛሉ። በግራው ግን ምንም የለም። እሱ የጠፉ ቁጥሮች የሚፈለጉበት ነው።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት...» ትላለች፣ ጠረጴዛው ላይ ቆርኪ እየደረደረች።

«ኧረ ቲቸር! አራትስ?» ብለው ይጮኻሉ ልጆቹ።

«ውይ ጉዴ! የት ጣልኩት?» ትልና ኪሷን ገልብጣ ታራግፋለች። ከጠረጴዛ ሥር ታጎነብሳለች። አንዱን ልጅ «አንተ ነህ የበላኸው? እስቲ አፍህን ክፈት» ትለዋለች። ክፍሉ በሳቅ ይናጋል። በዚህ ዓይነት አራትን የማያውቅ ልጅ አንድም አልነበረም።

እዚህ መዋዕለ ሕፃናት የገባችው በጽዳት ሠራተኝነት ነበር። ወለል እየወለወለች መዝሙሮቹን ሁሉ በቃሏ ያዘች፤ በኋላ ማታ ማታ ተምራ አስተማሪ ሆነች። ማስተማር ከጀመረች ይኸው ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዛሬም ልጆቹ ሲወጡ ወንበሮቹን የምትደረድረው ራሷ ናት። የጽዳቷ ሴት ስትቆጣት «እጄ ለምዶብኝ ነው፣ እህቴ፤ ተይኝ» ትላታለች።

ይህን ሁሉ ያየሁት ሰባት ሳምንት በሩ ሥር፣ በልጆች ወንበር ላይ ጉልበቴን አቅፌ ስለተቀመጥኩ ነው። የልጅ ልጄ ያለ እኔ አልገባም ብላ አስቸገረች። ከገባችም በኋላ አልተናገረችም። ቤት ውስጥ ምላሷ የማያርፍ ልጅ እዚያ ስትደርስ ጭጭ። ዳይሬክተሯ እናቷን ጠርተው «እስከ ወሩ መጨረሻ አንድ ነገር እንኳ ካልመለሰች ወደ ትንንሾቹ ክፍል ትወርዳለች» አሏት። ልጄ ያን ቀን እራቷን ሳትበላ ተኛች።

አስተማሪዋ ግን አንድም ቀን «ተናገሪ» ብላት አታውቅም። ቆርኪ የሞላበትን የወተት ቆርቆሮ አስታቀፈቻትና «የኔ እመቤት፣ ለመጣው ሁሉ አንድ አንድ አድርሺልኝ፤ የቀረ ልጅ ካለ የእሱ እዚሁ ይቅር» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሥራዋ ይህ ሆነ። በየልጁ ፊት አንድ ቆርኪ ታስቀምጣለች፤ ቀዩን ለራሷ ትይዛለች። አራት ሲጠፋ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ድምፅ ግን የለም።

የወሩ የመጨረሻ ዓርብ ዳይሬክተሯ ወረቀት ይዘው ገቡ። የልጅ ልጄ ፊት ቁጢጥ ብለው ሦስት ጣት አሳዩዋት።

«ይሄ ስንት ነው፣ ቆንጆ?»

ቆርቆሮዋን ጠበቅ አድርጋ አቀፈች።

«ስምሽስ?»

ጫማዋን አየች።

«ጊዜ ቢሰጧት» አለች አስተማሪዋ ቀስ ብላ።

«ሰጥተን የለ እንዴ?» አሉና ተነሡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፊታቸው ላይ ሐዘን ነበር። «ለመሆኑ ዛሬ ስንት ልጅ ነው ያለው?»

አስተማሪዋ የአንዷን አፍንጫ እየጠረገች ነበር። ዳይሬክተሯ ራሳቸው በእስክሪብቷቸው ጫፍ ራስ ራሱን ቆጠሩ። «ሃያ ሦስት። አንድ ቀሪ» አሉና ጻፉ።

«ተሳሳትሽ።»

ማን እንደተናገረ መጀመሪያ አልገባኝም። የልጅ ልጄ ቆርቆሮዋን አቅፋ ቆማለች።

«ሃያ አራት ነን። ቆርኪ ሰጥቼዋለሁ። ድንቡሼ ሽንት ቤት ነው!»

ያን ጊዜ በሩ ተከፈተና ድንቡሼ ሱሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ ገባ። «ቲቸር፣ ቁልፉ እምቢ አለኝ» አለ። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ዳይሬክተሯ አፋቸውን በወረቀቱ ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። «እውነትሽን ነው፣ ተሳሳትኩ» አሉና ሃያ ሦስቱን ሰረዙ። ከወረቀቱ ግርጌ «እዚሁ ትቀጥል» ብለው ሲጽፉ መነጽሬን አድርጌ አየሁ።

ልጆቹ ሲወጡ አስተማሪዋን ወንበር መደርደር አገዝኳት።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አልኳት። «ቆጠራውን ሲሳሳቱ አውቀሽ ነው ዝም ያልሻቸው?»

«ኧረ እማማ!» አለች፣ ጉንጯ ቀልቶ። «ድንቡሼን እኔም ረስቼው ነበር። እሷ ባትኖር እስካሁን ሽንት ቤት ነበር።»

ሌላ ሰው ቢሆን «እንዴታ!» ብሎ ምስጋናውን ይቀበል ነበር።

ሰኞ የልጅ ልጄ በር ላይ እጄን ለቀቀችና «ሂጂ በቃ፣ ሥራ አለብኝ» አለችኝ። ወንበሬን ከሌሎቹ ጋር አሰለፍኩት። ኮሪደሩ ላይ ስደርስ ከኋላዬ «...ሦስት፣ አምስት» የሚል ሰማሁና ቆም አልኩ።

«ቲቸር ደግሞ! ኪስሽን እይው እንጂ!» የሚለው ድምፅ የኛዋ ነበር።