ጨረቃን እንደ ዲሽ

«መጣ! መጣ! እዛው ላይ ያዘው!... ኧረ ሄደ!»

ዛሬ አመሻሽ ላይ በአዲስ ከተማ ያለፈ ሰው ግቢያችን ውስጥ ዲሽ እያስተካከልን መስሎት ይሆናል። ቴሌስኮፕ ነበር።

ትናንት በባጃጅ ሳመጣው ኮብልስቶኑ ንጦት መስታወቶቹ ተዛንፈዋል። እኔ ደግሞ ለግቢው ሰው «ነገ ማታ ጨረቃን በቅርብ አሳያችኋለሁ» ብዬ ጉራዬን ነዝቻለሁ።

ማስተካከያው ትንሽ ሌዘር ናት። ቀይ ብርሃኗ ከላይ ካለው ትንሹ መስታወት ወደ ታችኛው ትልቁ ሄዶ፣ ነጥሮ ሌዘሯ ላይ በወጣበት ቀዳዳ መመለስ አለበት። ችግሩ፣ መስታወቱን የሚያስተካክለው ብሎን የሚዞረው ከታች ነው፤ ቀይዋ ነጥብ የምትታየው ከላይ።

አከራዬን ጋሽ ማቴዎስን ለመንኳቸው። «እኔ ብሎኑን ላዙር፣ እርስዎ ነጥቧን ይዩልኝ።»

«መጣ! ሄደ!» የሚለውን ጩኸታቸውን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። አንዱ «ወደ ግራ!» ይላል፣ ሌላዋ «ኧረ ቀስ በል!» ትላለች። ከጋሽ ማቴዎስ በቀር ነጥቧን ያየ የለም፤ አስተያየት ያልሰጠ ግን አልነበረም።

በመጨረሻ ነጥቧ ቀዳዳዋ ውስጥ ገባች። ግቢው አጨበጨበ። ሲመሽ ጨረቃ ከነጉድጓዶቿ ጥርት ብላ ታየች።

ቀድመው ያዩት ጋሽ ማቴዎስ ናቸው። ምስጋና ስጠብቅ ቀና አሉና «ምስሉ ጥራት አለው» አሉኝ። «ድምፁን ግን አላመጣኸውም።»

እናንተስ ብሎን ስታዞሩ ግቢው ሙሉ አዝዞባችሁ ያውቃል? ድምፁን ያመጣ ካለ ደግሞ ቶሎ ይጻፍልኝ፤ ጋሽ ማቴዎስ ወንበራቸው ላይ እየጠበቁ ነው።