ያዋስኳት ቀለበት

መካኒሳ አቦ አጠገብ አንድ ግቢ ውስጥ ቤት ተከራይተን ጎን ለጎን እንኖር ነበር፣ እኔና ያቺ ልጅ። ስድሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ከአጥራችን ማዶ ጤፍ ይዘራ ነበር። እኔ ኮሌጅ ውስጥ የአንድ ትምህርት ክፍል ጸሐፊ ነበርኩ፣ እሷ ደግሞ እዚያው ሒሳብ የምታስተምር ረዳት መምህርት። ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ከመምህራኑ መሃል ሴት እሷ ብቻ ነበረች።

ምን ያላሏት ነገር አለ። ሰሌዳ ላይ ለመጻፍ ዞር ስትል ተማሪዎቹ ከኋላዋ ያፏጫሉ። አንድ ቀን ዝናብ ይዟት አንድ መምህር በቮልሱ እስከ በራችን ቢያደርሳት፣ በማግስቱ ሰፈሩ "ዲግሪዋን በምን እንዳገኘችው ታወቀ" አለ። ልጅቷ እህል አልወርድ አላት፤ ከሳች። እኔ ደግሞ የሰው ነገር የምፈታ ይመስለኛል፣ ከዚህ ጠባዬ ዛሬም አልዳንኩም። ፈት ነበርኩና ሳጥን ውስጥ የጣልኩትን የጋብቻ ቀለበቴን አውጥቼ "እንኪ አድርጊው" አልኳት። "እጮኛዬ ውጭ አገር ነው የሚማረው በያቸው።"

"እትዬ፣ ውሸት እኮ ነው" አለችኝ።

"አንቺ አድርጊው፣ ውሸቱን ለእኔ ተዪው።"

እውነትም ለእኔ ተወችው። ከሀና ማርያም እስከ ቢሯችን ወሬውን የነዛሁት እኔው ነኝ። ፉጨቱ ቀነሰ። ልጅቷም መብላት ጀመረች፣ ፊቷ ሞላ። በራሴ ኮርቼ ነበር።

በዚያው ዓመት አንድ ሰው ውጭ አገር ሄዶ የሚማርበት ዕድል መጣ። ነጥቧ ከሁሉም ይበልጣል። "ይህን ካገኘሁ ረዳት የሚለው ይነሳልኛል፣ እንደ ሰው ያዩኛል" እያለች ቀን ትቆጥር ነበር። የሚሄደው ሰው በተመረጠበት ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነኝ። የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ "ቀለበት አድርጋለች አይደል? አግብታ ትወልዳለች፣ ዕድሉ ባክኖ ይቀራል" አለ። ሌላው "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ" ብሎ አሳቃቸው። ከዚያ ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ።

"አንቺ ጎረቤቷ ነሽ፣ እውነት ታጭታለች?"

ቀለበቱ የእኔ ነው ማለት ነበረብኝ። ግን እኔም ውሸታም ልባል ነው፣ እሷም ልትባል ነው፤ እንጀራዬም እነሱ እጅ ላይ ነው። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፣ እኔ ግን ዝም እንኳ አላልኩም። "አዎ" አልኩ። ጻፍኩትም፦ "ልታገባ የተቃረበች በመሆኗ።" ዕድሉ በነጥብ ለምትበልጠው ወንድ ተሰጠ። ቃለ ጉባኤውን በካርቦን በሦስት ኮፒ መታሁት፣ አንድ ፊደል አልተሳሳትኩም።

አንዱን ኮፒ ለእሷ የምሰጠውም እኔው ነበርኩ። ጠረጴዛዬ ፊት ቆማ አነበበችው፣ ግርጌው ላይ ፊርማዬን አየች።

"እትዬ፣ እርስዎም እዚያ ነበሩ?"

"ነበርኩ።"

"ጠየቁዎት?"

"ጠየቁኝ።"

ቀለበቱን ልታወልቅ ሞከረች፣ አልወጣ አላት። መብላት ከጀመረች ወዲህ ጣቷ ወፍሮ ነበር። ስትታገል ቆሜ አየሁና "ሳሙና ላምጣልሽ?" አልኳት። ያን ሁሉ አድርጌ ለዚያች ልጅ ያልኳት ይህንኑ ነው።