ክሬን ላይ ያደገች ጠጠር

የሕንፃ ሥራ ክሬን ነጂ ነው፤ ንስሩ ይሉታል። ጠዋት የክሬኑን መሰላል ይዞ ሽቅብ ከወጣ እስከ ምሳ አይወርድም። ለመውረድ ሩብ ሰዓት፣ ለመውጣት ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ታች ያለው ሥራ ሁሉ ቀጥ ይላል። ስለዚህ አንድ ዘዴ ዘየደ፦ ውሃ አለመጠጣት። ያልጠጣ አይሸናም፣ ያልሸናም አይወርድም! በዚህ ብልጠቱ ስድስት ዓመት ኮራ። በመስታወት ክፍሉ ውስጥ ፀሐይ እየጠበሰችው፣ እያንጎራጎረ፣ ብረቱን እንደ ሕፃን እያባበለ ያስቀምጥ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ግን ጎኑን እንደ ጩቤ ወጋው። እንደ ምንም ወርዶ መሬት ላይ ተጠቀለለ።

ሐኪሟ በአልትራሳውንድ አይታ፣ "የኩላሊት ጠጠር ነው፤ አምስት ሚሊ ሜትር" አለችው። "ጨው ያለበት ውሃ ፀሐይ ላይ ቢውል ምን ይሆናል?"

"ውሃው ይደርቅና ጨዉ ይቀራላ፣ ዶክተር።"

"የእርስዎም ሽንት እንደዚያው ነው። ውሃ ሲያንሰው የሟሟው ማዕድን መሟሚያ ያጣል። መጀመሪያ በዓይን የማትታይ ክሪስታል ትረጋለች። ሌላዋ መጥታ ትለጠፍባታለች፣ በዚያችም ላይ ሌላዋ…"

"እንደኛ ሕንፃ በይኛ!"

"አዎ። አሠሪው ደግሞ እርስዎ ነዎት።"

ሳቀ፤ ሳቁ ራሱ ጎኑን ወጋው። ቀጥላ የተናገረችው ግን ሳቁን አስቆመው፦ ጠጠሯ እስክትወርድ ክሬን የለም። ከመሠረቱ ጀምሮ የዚያን ሕንፃ ብረት አንድ በአንድ ያነሳው እሱ ነው። የመጨረሻው የጣሪያ ብረት የሚሰቀለው ከአሥር ቀን በኋላ ነው። እሱ ተኝቶ በሌላ ሰው እጅ ሊሰቀል?

ከዚያ በኋላ ቤቱ ኩሬ ሆነ። ሚስቱ ማሰሮ ሙሉ ውሃ ይዛ፣ "ጠጣ አንተ ሰውዬ!" እያለች ከሳሎን መኝታ ቤት ትከተለዋለች። እሱም በሐኪሟ ትእዛዝ ሽንቱን በሻይ ማጥለያ እያጠለለ ያንጎራጉራል፦

ስንቷን ብረት ሰቅዬ ሰማይ አደረስኳት፣
እኔን ጠጠር ጣለችኝ ውስጤ ያሳደግኳት።

በዘጠነኛው ቀን አንዳች ነገር ማጥለያው ላይ ጠብ አለ። ከምስር ታንሳለች፣ ቡናማ ናት፣ ዙሪያዋን እሾህ። መስኮቱ ጋ ወስዶ አገላበጣት።

"ነይ እዪያት! ታብለጨልጫለች እኮ!"

"ውይ፣ ወዲያ በልልኝ! ማጥለያዬንም አብረህ ጣልልኝ!"

ሐኪሟ መርምራ ፈቀደችለት፤ በቀን ሦስት ሊትር ውሃ ግን ግዴታ ነው። በማግስቱ ረፋዱ ላይ፣ የመጨረሻው ብረት ታስሮ ሳለ፣ የፎርማኑ ሬዲዮ ተንኮሻኮሸ።

"አለቃ፣ ልወርድ ነው።"

"አሁን? ምን ነካህ ንስሩ? ብረቱ እየጠበቀህ!"

"ብረቱ ይጠብቃል አለቃዬ፤ የጠጣሁት ውሃ ግን አይጠብቅም!"

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ወረደ፣ ጉዳዩን ጨረሰ፣ አንድ ጠርሙስ ውሃ ደግሞ ጨለጠ፤ ከዚያም መሰላሉን ቀስ ብሎ ወጥቶ ብረቱን አነሳ።