ሸዋረገድ መርዶ የሰማችው መርከብ ላይ ነው

ሸዋረገድ ወንድሟ ሞቶ ሬሳው ሳይሸኝ መርከብ ላይ ስትጨፍር ነበር ይባላል። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ብቻ አይደለም፣ አሌክሳንድሪያም ውድብሪጅም ይኸው ነው የሚወራው። መጨፈሯ እውነት ነው። ግን አልሰማችም ነበር። የሰማሁት እኔ ነበርኩ። አፍ አውጥቼ ለሰው ማስረዳት አይሆንልኝም፣ ሰው ሲበዛ ቃሉ ይጠፋብኛል። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ ከዚያ ወዲህም ብዙ አልጻፍኩም። ብሳሳት እለፉኝ። እንዴት እንደነበረ ብቻ ልናገር።

ሸዋረገድ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። እናታቸው ስትሞት ወንድሟ ወንድይራድ ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን ነበር። እሷ ትምህርቷን ትታ፣ አዝላ አሳደገችው። ዲቪ ደርሷት ስትመጣ እሱን ትታ መምጣቱ እንዴት እንደከበዳት አውቃለሁ። የተዋወቅነው አሌክሳንድሪያ አንድ ሆቴል ላውንድሪ ውስጥ ነው። ትልቅ አንሶላ ለሁለት ነው የሚታጠፈው፣ አንዱን ጫፍ እሷ፣ አንዱን እኔ እንይዛለን። ፊት ለፊት ስለሆንን እንባዋን መደበቅ አትችልም ነበር። «ዛሬ ምን በልቶ ይሆን?» ትለኛለች። ሰውየው እኮ ያን ጊዜ ጺም አብቅሏል።

ሲቲዝን እንደሆነች ፕሮሰስ ጀመረችለት። ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ መጣ። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ሰው ወዳድ ልጅ ነበር። የዳቦ ትራክ ይነዳል። ሮሆቦት የምትባል ጨዋ ልጅ አግብቶ ውድብሪጅ ገባ። ሸዋረገድ ራሷ አላገባችም። ሰው ሲነዘንዛት «እኔ ልጄን ድሬያለሁ፣ ከዚህ በኋላ ምን ቀረኝ» ትላለች።

መርከቡ እንዴት መጣ ብትሉ፣ ከላውንድሪው ወጥታ ሚስስ ዶሪስ የሚሏቸውን አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ትንከባከብ ነበር። አሮጊቷ በየዓመቱ በብርዱ ወራት ወደ ሞቃቶቹ ደሴቶች በመርከብ ይሄዳሉ። እነዚያ ፎቅ የሚያካክሉት መርከቦች አይደሉም። ትንሽ ናት፣ ሸራ አላት፣ ሰው ቢበዛባት ሃያ ነው። በ2014ም ለራሳቸውና ለሸዋረገድ ቦታ አስይዘው ነበር። ሳይሄዱ ሞቱ። ልጃቸው «እናቴ ብትኖር አንቺን ይዛ ነበር የምትሄደው፣ አሁን አንቺ ሰው ይዘሽ ሂጂ» አለቻት። እኔን ያዘች። ሁለታችንም ሐይቅ እንኳ ደህና አድርገን አይተን አናውቅም።

ኤርፖርት ያደረሰን ወንድይራድ ነው። መንገዱን ሙሉ ሲያሾፍብን ሄደ።

«እትዬ፣ ዋና ትችያለሽ?»

«የት ተምሬ?»

«እንግዲያው ፀዲን ያዣት። እሷ ትንሽ ሞላ ትላለች፣ ትንሳፈፋለች።»

«ሂድ አንተ ባለጌ!» አልኩት። እሷ እስክታነባ ሳቀች። ሻንጣችንን አውርዶ፣ ሁለታችንንም ስሞ፣ ከኋላው ያለ መኪና ጡሩንባ ሲነፋበት እየሮጠ ሄደ። ደህና አድርጋ ቻው እንኳ አላለችውም።

መርከቡ ላይ መጀመሪያ እንደ እንግዳ ሙሽራ ተሸማቀን ነበር። ሽሪምፕ የሚሉትን የባሕር ትል መሳይ ሲያቀርቡልን ተያየን። ክላይቭ የሚባል የደሴቶቹ ሰው የሆነ መርከበኛ ነገሩ ገብቶት ሩዝና እንቁላል ያመጣልን ጀመር። ሁለተኛው ቀን ላይ ሸዋረገድ ልጅ ሆነች። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ከመርከቡ ጠርዝ አንጠልጥላ ውሃው ሲረጫት ትጮኻለች። «ፀዲ፣ እኔ እስከ ዛሬ ለካ አልተዝናናሁም!» አለችኝ። ስልኳን ዘግታ ሻንጣ ውስጥ ጨምራዋለች፣ የሮሚንግ ሂሳብ ጉድ ያደርግሻል ብለዋት። የኔ ስልክ ደሴት ላይ ስንወርድ ዋይፋይ ካገኘ ይሠራል።

ሰኞ ከሰዓት አንድ ደሴት ላይ ወረድን። እኔ ፀሐዩ ስለከበደኝ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። በቫይበር ተደወለ። ጋሼ በፈቃዱ ናቸው፣ የእድራችን ዳኛ።

«ፀዳለ፣ ሸዋረገድ አጠገብሽ ናት?»

«አይ ጋሼ፣ ውሃው ዳር ናት። ዛጎል እየለቀመች ነው።»

«በይ ፊትሽን ወደዚያ አዙሪ። ወንድይራድ አረፈ።»

ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ካፌው ውስጥ ያለችው ልጅ ቀና ብላ አየችኝ።

«ቀስ በይ! እንዳትጮኺ። ዛሬ ጠዋት ዳቦ እያወረደ ወደቀ። ልቡ ነው አሉ። ስሚኝ፣ ደብረ ብርሃን ያሉት አባታቸው አጠገቤ ይቀበርልኝ ብለዋል፣ ሮሆቦትም እሺ ብላለች። አስከሬኑ ሐሙስ ወደ አገር ቤት ይሄዳል።»

«እኛ የምንመለሰው ቅዳሜ ነው እኮ፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ። ምን ይደረግ? ባሕር መሃል ሰው ይረዳል? ዘመድ የለ፣ የሚይዛት የለ። ዘላ ብትገባስ? እሁድ በማለዳ ሰው ሰብስበን ቤቷ ሄደን እናረዳታለን። እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትዪ። አደራ ብያለሁ።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

ትልቅ ሰው አደራ ሲል እሺ ከማለት ሌላ አላውቅም። የተናገሩትም ክፉ አይደለም። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ለብቻ አይነገርም፣ እኛ ዘንድ ሰው የሚረዳው ሰው ደግፎት ነው። ስንቱን መርዶ አብሬ ሄጃለሁ፣ ኋላ ቆሜ። ሸዋረገድ በቀሚሷ ዛጎል ታቅፋ መጣች።

«ምነው ፊትሽ? ባሕሩ ያዘሽ እንዴ?»

«ራሴን ነው» አልኳት።

ያን ቀን ማታ ነው የጨፈረችው። ከእራት በኋላ መርከበኞቹ ከበሮ መቱ። ክላይቭ እጇን ይዞ አስነሣት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እስክስታ መታች፣ ፈረንጆቹ አጨበጨቡላት። አንዷ ፎቶ አንስታ ፌስቡክ ላይ ለጠፈችው። ሲልቨር ስፕሪንግ የደረሰው እሱ ፎቶ ነው። እኔ ጥግ ይዤ ቁጭ ብዬ ነበር። «ነይ እንጂ፣ አንቺ ድብርታም!» ትለኛለች። ተነሥቼ አጨበጨብኩ።

ማክሰኞ ሌላ ደሴት ወረድን። የሣር ባርኔጣ ገዛችለት። እኔ ራስ ላይ እየለካች «የሱ ራስ ካንቺ ይተልቃል፣ አይደል?» አለችኝ። አዎ አልኩ። ቀጥላ «ስልክሽን ስጪኝ፣ ልደውልለት። ድምፁ ናፈቀኝ» አለች። ባትሪ ጨርሷል አልኳት። ቦርሳዬ ውስጥ ስልኩ ሲርገበገብ ይሰማኛል። ከአገር ቤት፣ ከሜሪላንድ፣ ሁሉም ይደውላል፣ ሁሉም አደራ ይላል።

ያን ቀን ከሰዓት ካፒቴኑ ሰብስቦን ስለቀጣዩ ጉዞ ተናገረ። እንግሊዝኛው ሙሉ በሙሉ ባይገባኝም አንዱን ነገር ክላይቭን ደጋግሜ ጠየቅኩት። ነገ ጠዋት የምንቆምበት ደሴት ኤርፖርት አለው። ከዚያ ወዲያ እስከ ቅዳሜ ሰው የማይኖርባቸው ትንንሾቹ ደሴቶች ጋ ነው። ነገ ካልተነገራት ወንድሟን አታየውም። አዝላ ያሳደገችው ልጅ ሳታየው ሐሙስ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ይገባል። እሁድ ዕለት ሰው ተሰብስቦ ቢያረዳት የምታለቅሰው ምን ይዛ ነው? ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ።

ልንገራት አልኩ በልቤ። ግን ጋሼ በፈቃዱ እንዳሉት ለብቻዬ አልችልም። ስለዚህ ሰው ለመንኩ።

አንድ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ነበሩ፣ ደግ ሰዎች። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ «የጓደኛዬ ወንድም ሞቷል። ጠዋት እነግራታለሁ። እናንተ መጥታችሁ ቁሙ» አልኳቸው። ሚስትየዋ አቀፈችኝ። ከዚያ «እንዲህ ያለው ነገር የግል ነው፣ ክፍላችሁ ውስጥ ለብቻችሁ ሆናችሁ ንገሪያት። እኛ ዞር እንልላችኋለን» አለች። ለክብራችን ብላ ነው።

«ኖ፣ ኖ» አልኳት። «ዞር አትበሉ። ኑ። ያዟት።»

ባልየው ግራ ገብቶት ያየኛል። ክላይቭ ሰሃን እየሰበሰበ ይሰማ ነበር። በኛም ደሴት ሰው ለብቻው አይነገረውም፣ እኔ ሌሎቹን አመጣልሻለሁ አለኝ። ለካፒቴኑም እሱ ነገረልኝ፣ ካፒቴኑ የአውሮፕላኑን ነገር በሬዲዮ ጨረሰ።

ረቡዕ ሊነጋጋ ሲል እሷ ተኝታ ተነሣሁና ወደ ላይ ወጣሁ። ሁሉም መጥተዋል። ክላይቭ፣ ወጥ ቤቱ ሽርጡን እንደታጠቀ፣ ባልና ሚስቱ፣ ካፒቴኑ ራሱ። እንዴት እንደሚቆም አላውቅምና አንዱን ከመሰላሉ ጎን፣ ሌላውን በባሕሩ በኩል ባለው አጥር አቆምኩ፣ እንዳትሮጥ። ክላይቭ ሳልነግረው ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ ወርጄ ቀሰቀስኳት። «ሸዋዬ፣ ነይ ፀሐይ ስትወጣ እንይ» አልኳት።

እያዛጋች ከኋላዬ ወጣች። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ቆመች። ሰዎቹን አየች። እጃቸውን አጣምረው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ማንም ደህና አደርሽ አላላትም። በዚያ ሰዓት እንዲህ የሚቆም ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ሸዋረገድ ታውቃለች።

«ፀዲ፣ ማንን ነው?»

እጇን ያዝኩ።

«አባባን ነው?» አለች። «ንገሪኝ፣ አባባን ነው አይደል? አርጅቷል፣ እሱን ነው። በይ እሱን ነው በይኝ!»

«አይደለም፣ ሸዋዬ።»

ከአባቷ ሌላ ያላት አንድ ሰው ብቻ ነው። ስሙን መጥራት አላስፈለገኝም።

እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ደረቷን መታች፣ ፀጉሯን ነጨች፣ ወደ አጥሩ ሮጠች። ክላይቭና ባልየው ያዟት። ከታች ተኝተው የነበሩ ሰዎች በድንጋጤ ወጡ፣ አንዱ የማስተኛ ኪኒን ይዞ መጣ። «ተዉአት፣ ታልቅስ» አልኩ። ያን ቀን ያን ያህል ጮክ ብዬ መናገሬ ለራሴም ገረመኝ። ሚስትየዋ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ የሸዋረገድን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ አብራት አለቀሰች። የማታውቀውን ሰው።

ጥቁር ልብስ አልነበራትም። ያንኑ አበባ ያለበትን ቀሚስ እንደለበሰች፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ በትንሽ አውሮፕላን፣ ከዚያ በትልቅ፣ ሄድን። ማያሚ ላይ በረራው ዘገየ። እየዞርኩ ሰዓት የማይ እኔ ነኝ፣ እሷ ግድግዳ ታያለች።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ አሌክሳንድሪያ ሬሳው ያለበት የቀብር ቤት ስንደርስ ሬሳ መኪናው በሩ ላይ ሞተሩን አስነሥቶ ነበር። ሮሆቦት ስታየን ጮኸች። ጋሼ በፈቃዱም እዚያ ናቸው፣ እኔን አፍጥጠው አዩኝ። የቀብር ቤቱ ሰው ሳጥኑ ለጉዞ ተዘጋጅቶ ተዘግቷል፣ ጊዜ የለም አለ። ሸዋረገድ ምንም አልለመነችውም። ሄዳ መኪናው ፊት መሬት ላይ ተቀመጠች፣ በዚያ በአበባ ቀሚስ። ሰውየው ሰዓቱን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ ሳጥኑን መልሰው አስገቡት።

ተከፈተላት። ሁላችንም ትወድቃለች ብለን ከበብናት፣ አልወደቀችም። አላለቀሰችም። ጣቷን በምራቋ አርሳ ቅንድቡን አስተካከለችለት፣ ሕፃን ትምህርት ቤት እንደሚሸኝ። የሸሚዙን ኮሌታ አቃናች። ግንባሩን ሳመች። «በቃ» አለች።

መኪናው ሲሄድ ፓርኪንጉ ላይ ሁለታችን ብቻ ቀረን።

«መቼ ነው የሞተው?»

«ሰኞ ጠዋት።»

«አንቺ መቼ ሰማሽ?»

«ሰኞ ከሰዓት።»

አሰበች። ቀኖቹን ወደ ኋላ ስትሄድባቸው ፊቷ ላይ ይታየኛል።

«ስጨፍር ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ባርኔጣውን ራስሽ ላይ ስለካው?»

«አዎ፣ ሸዋዬ።»

ነጠላዋን ሰብስባ ጥላኝ ሄደች።

ልቅሶው ቤት እንግዳ ሲበዛ ጋሼ በፈቃዱ ሰው ፊት ተናገሩኝ። «ባሕር ብትገባ ማን ሊጠየቅ ነበር? አደራ የተባለ ሰው እንዲህ ያደርጋል? ፈረንጅ ሰብስቦ መርዶ!» አሉ። ሴቶቹም ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ሸዋረገድ ከፍራሹ ላይ ቀና ብላ «ጋሼ፣ ይተዉአት» አለች። «ወንድሜን አይቼዋለሁ። በእርስዎ ቢሆን አላየውም ነበር።»

እኔን ግን አታናግረኝም። ሰው ስሜን በክፉ ሲያነሣ ትከራከርልኛለች አሉ። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ አንገቷን ሰበር አድርጋ ታልፈኛለች። አሁን ውድብሪጅ ከሮሆቦት ጋር ነው የምትኖረው። በበዓል እደውላለሁ፣ ታነሣለች። «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች፣ ከዚያ እስክዘጋው ዝም ትላለች። አልፈርድባትም። ሰኞና ማክሰኞን ከኔ ጋር ነበረች፣ እሱ ግን በሕይወት አልነበረም። እነዚያን ሁለት ቀናት ምን ታድርጋቸው?