መርፌው እስኪነቀል

ነርሷ ጽናት የሴትየዋን ስም ይዛው አታውቅም፤ የምታውቃት በወንድ በርኖሷና ጭቃ በበላው ኮንጎ ጫማዋ ነው። ሆዷ ገፍቷል። ማቅለሽለሹ አልለቅ ስላላት ሴትየዋ ሐሙስ ሐሙስ ከጓሳ በኩል ወደ መሐል ሜዳ ጤና ጣቢያ ትወርዳለች። መንገድ ሊሠሩ ከመጡት ቻይናዎች ጋር የነበረው ሐኪም እንዳስተማራት፣ ጽናት አስተኝታ እንደ ፀጉር የቀጠነች የማቅለሽለሽ ማስታገሻ መርፌ የእጇ አንጓ ላይ ሰክታ ግማሽ ሰዓት ታቆይላታለች። ሴትየዋ መርፌው ገና ሳይነካት ዓይኗን ትጨፍናለች።

አብረዋት መጥተው ደጅ ሱፍ እየፈተሉ የሚጠብቋት የባሏ እናት፣ "ኧረ ገብሱ የሚፈተገው መቼ ነው? አልጨረስሽም?" ሲሉ መርፌ የተሰካበትን እጇን ብቻ ወደ በሩ ከፍ አድርጋ ታሳያቸዋለች።

ዛሬ ጽናት፣ "ማቅለሽለሹ ተሻለሽ?" አለቻት።

"እሱስ እንዳለ ነው።"

"ታዲያ ምን ያመላልስሻል?"

"መርፌው እስኪነቀል ተነሺ የሚለኝ የለማ፣ እህቴ።"