ተረከዝ የናቀ ሯጭ

ነጋ በአርባ ስድስት ዓመቱ ማራቶን ሊሮጥ መሆኑን ያወጀው አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሮጥ ነው። የዘመናችን ሰው እንዲህ ነው፤ ሥራው ሳይጀመር ምስጋናውን ይቀበላል።

ነገሩን ያመጣው ሐኪሙ ነው። «ስኳርዎ ከፍ ብሏል፤ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በእግርዎ ይሂዱ» አለው። በእግር መሄድ! እሱ፣ የመዝገብ ቤት ኃላፊው፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሥር ጧት ጧት እጃቸውን እያወዛወዙ ከሚዞሩት ጡረተኞች ጋር? ምክሩን እንደ ስድብ ቆጥሮ በዚያው ሳምንት የብሔራዊ ቡድን ቱታ፣ የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓትና ቢጫ ጫማ ገዛ። ከአገሪቱ አትሌቶች የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አይሮጥም።

እውነቱን ለመናገር፣ በኋላ ሮጠ። አምስት ወር ሙሉ እያለከለከም ቢሆን አሥር፣ ከዚያም አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ደረሰና ከገዲሴ ቡድን ተጠጋ። ገዲሴ የሃያ ሰባት ዓመት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ሁለት ማራቶን ጨርሳለች፤ ለዚህም ይሆናል ወሬ የማታበዛው። ከኋላዋ አምስት ሰዎች በአንድ መስመር ይሮጣሉ። እያንዳንዱ የፊተኛውን ተረከዝ እያየ እርምጃውን ከእርምጃው ያገጣጥማል። ነፋሱንም ፍጥነቱንም የሚሸከመው መሪው ነው፤ ሳይታዘዝ ፊት የወጣ ሰው የሁሉንም ጉልበት እንዳባከነ ይቆጠራል።

«ጋሽ ነጋ» አለችው፣ «ከዚህ ከጀሞ ፉሪን አልፈን ደርሶ መልስ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነው። ሁለት ቅዳሜ ይቀረናል። በአንዱ ከመስመር ሳይወጡ ከጨረሱ፣ ለማራቶኑ ከእኛ ጋር ይሄዳሉ። አለዚያ ዘንድሮ ይቅርብዎት። እኔ መንገድ ላይ የወደቀ ሰው አልሸከምም።»

በመጀመሪያው ቅዳሜ እስከ ሃና ማርያም ተረከዟን እያየ ሮጠ። ያን ጊዜ ክብሩ ተነሣበት። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ደጁ ላይ ቆሞ ፋይል ሲለምነው የኖረ ሰው፣ የአንዲት ልጅ ተረከዝ ሊከተል? ከሚኒባስ በር የተንጠለጠለ ረዳት «ፋዘር! ግፋ በለው!» ብሎ ሲያልፍ፣ ነጋ ቀልዱን እንደ ሕዝብ ጥሪ ተቀብሎ ፊት ወጣ።

«ጋሽ ነጋ፣ ይመለሱ!»

«ቀስ ብለሽ ድረሺብኝ!»

«ተዪው» አለ ከመስመሩ መካከል ብየዳ ሠራተኛው ዳዲ፤ «የሚሮጠው ቱታው ነው።»

ቱታው እስከ ፉሪ ዳገት ሮጠ። እዚያ የነጋ ጭን እንደ እንጨት ደረቀ። ስድስቱም አንድ በአንድ አለፉት፤ የዞረ የለም፣ የሳቀም የለም። ሰውን እንዲህ ዝም ብሎ ማለፍ ከስድብ ሁሉ ይከፋል። በሚኒባስ ሲመለስ አንዲት ተሳፋሪ አለባበሱን አይታ «አሸነፍክ?» አለችው።

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ትሩፋት እግሩን በሙቅ ውሃ እየዘፈዘፈች፣ «ሰውዬ፣ ሐኪሙ ሂድ አለህ እንጂ ሽሽ አለህ እንዴ?» አለችው። መተው ይችል ነበር። ግን ለመሥሪያ ቤቱም ለእድሩም አውርቷል። ፊት ያስወጣው ከንቱነት አሁን ደግሞ ማቆም ከለከለው። ጽናት እያልን የምናወድሰው ነገር ስንት ጊዜ ከዚህ የተሻለ ምንጭ እንዳለው እግዜር ይወቅ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ገዲሴ «ዛሬ ጭራ ነዎት» ብላ ከዳዲ ኋላ አስቆመችው። በውጭ በኩል የተበላውን የዳዲን ጫማ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሙሉ አየ። ከሃያ በኋላ ሰዓቱን መመልከት ተወ፤ ከሃያ አምስት በኋላ ማን እንደሚያየው ማሰብም ተወ። ጀሞ ሲደርሱ ጉልበቱን ይዞ ጎንበስ አለና፣ ሕመሙ ሳይበርድ አሳቡ ወደ ልማዱ ተመለሰ።

«ስንተኛ... ወጣሁ?»

«ሰባተኛ» አለች ገዲሴ።

«ከስንት?»

«ከሰባት ነዋ፣ ጋሼ!» አለ ዳዲ።

ገዲሴ የጫማዋን ክር እየፈታች ቀና አለች። «ለማራቶኑ ይሄዳሉ። ከኋላ።»

ነጋ ሊከራከር አፉን ከፈተ። ደግነቱ ትንፋሽ አልነበረውም።