ጥቁሩ ጨርቅ የመጣ ሰሞን

የያዙኝ ከቀብሪበያ ስመለስ ነው። የባለቤቴ አክስት አርፈው ለቅሶ ደርሼ፣ ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ወደ ጅጅጋ እየመጣሁ ነበር። ኬላው ላይ አንድ ወታደር ወረቀት ይዞ በመስኮቱ አንገቱን አስገባና ስሜን ጠራ። በትክክል ነው የጠራው፤ የአያቴን ስም ሳይቀር። ወረድኩ። ሚኒባሱ ትንሽ ቆሞ ሄደ። ፒክአፑ ላይ ሲያስቀምጡኝ ከወፍራም ጥቁር ጨርቅ የተሰፋ ከረጢት ራሴ ላይ አጠለቁና ገመዱን አንገቴ ላይ ሳብ አድርገው አሰሩት። ከረጢቱ የሌላ ሰው ላብና ትንፋሽ ይሸታል። ያንን መንገድ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ያን ቀን ግን የት ጋ እንደታጠፍን እንኳ አላወቅኩም።

ጥፋቴን የነገረኝ ሰው የለም፤ ግን እገምታለሁ። የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበርኩ። በአንድ የመምህራን ስብሰባ ላይ ተነስቼ፣ ከክፍሌ የጠፉ ሁለት ተማሪዎች የት እንዳሉ የሚያውቅ ካለ ብዬ ጠየቅኩ። 

ከረጢቱን ሲያወልቁልኝ ረጅም ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። የጅጅጋ ነፋስ ሲነሳ ቆርቆሮው ያለ ማቋረጥ ይንኳኳል። ሰው ብዙ ስለነበር የምንተኛው በተራ ነው። እኔ በሩ ጋ ቆሜ የምሄድበትን ሳጣ፣ አንድ ሽማግሌ እግራቸውን ሰብስበው ከአጠገባቸው አንድ ክንድ የምታክል ቦታ በእጃቸው መታ መታ አደረጉ።

«ና፣ ተቀመጥ» አሉኝ። «ሥራህ ምንድን ነው?»

«መምህር ነኝ።»

«እሺ መዓሊን።»

መዓሊን በሶማሊኛ መምህር ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ክፍል ስሜ እሱ ሆኖ ቀረ። እኔ ደግሞ እሳቸውን በአገራችን ወግ አደር እላቸው ነበር፤ አጎቴ እንደ ማለት ነው። አደር ጅጅጋ ውስጥ የመኪናና የባጃጅ ወንበር ልብስ ይሰፉ ነበር፤ ሶፋም ያድሳሉ። የታሰሩት አንድ የሚፈለግ ሰው መኪና ወንበር ስላለበሱ ነው።

«ሰውዬውን ግለጽልን አሉኝ» ብለው አጫወቱኝ። «እኔ ሰው አላስታውስም፣ ወንበር ነው የማስታውሰው፤ ቡናማ ነበር፣ የሾፌሩ በኩል ስፖንጁ ሰጥሟል አልኳቸው። የቀለድኩ መሰላቸው።»

ቀኝ እጃቸው አንጓው ላይ ተሰብሮ በወጉ ሳይጠገን ድኗል። ማንኪያ ይይዛሉ፤ ነገር ማጥበቅ ግን አይችሉም። እንዴት እንደተሰበረ አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም።

ከግቢው ጥግ አንድ የተቆለፈ ክፍል ነበር። ውስጡ ለእስረኞች የሙያ ሥልጠና ተብለው የመጡ ሦስት ትላልቅ የፋብሪካ ስፌት ማሽኖች አቧራ ለብሰው ተቀምጠዋል። አንድ ጠዋት የእስር ቤቱ ኃላፊ ቆጠራ ላይ መጥቶ፣ እንግዶች ስለሚመጡ የቢሮው ወንበሮች ሁሉ ልብሳቸው መቀየር አለበት፣ ሙያው ያለው ይውጣ አለ። አደር ግራ እጃቸውን አነሱ።

«እኔ እችላለሁ። ግን ረዳት ያስፈልገኛል» አሉና ወደ እኔ ጠቆሙ። «ይሄ እጁ ጥሩ ነው።»

እኔ እስከዚያ ቀን ቁልፍ እንኳ ተክዬ አላውቅም። ስንወጣ በጆሯቸው፣ ለምን ዋሹ አልኳቸው።

«አልዋሸሁም» አሉ። «እጅህን አይቻለሁ። ሥራ ስለማያውቅ ብቻ መጥፎ እጅ ነው አይባልም።»

ከሦስቱ ማሽኖች አንዱም አይሠራም ነበር። የአንዱ ዲናሞ ተቃጥሏል፣ የሌላው ቺንጊያ ተበጥሷል፣ የሦስተኛው የውስጥ ብረት በዝገት ተጣብቋል። አደር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዝዙኛል፤ እኔ በካቻቢቴና በፒንሳ እፈታለሁ። እያንዳንዱን ቡሎን በፈታሁበት ቅደም ተከተል ጋዜጣ ላይ ያስደረድሩኛል። ዝገቱን በላምባ አጠብን፣ ዘይት አጠጣን፣ የሁለቱን ዕቃ አውጥተን ሦስተኛውን አዳንን። የተነሳ ዕለት አደር ዓይናቸውን ጨፍነው ድምፁን ሰሙ።

«ከግራ በኩል ደርቋል። አንድ ጠብታ ጨምርለት» አሉ።

ጨመርኩለት። ድምፁ ተለወጠ።

ወንበር ማልበስንም እዚያው ተማርኩ። የመጀመሪያው ትምህርት አሮጌውን ልብስ ቀዶ አለመጣል ነው፤ ስፌቱን ፈትቶ በአዲሱ ጨርቅ ላይ መዘርጋት፣ ምክንያቱም ትክክለኛው ልክ እሱ ነው። ሁለተኛው፣ ማዕዘን ላይ ሲደርሱ መቆም፣ መርፌውን ጨርቁ ውስጥ እንደተተከለ መተው፣ ከዚያ ማዞር። የመጀመሪያ ወንበሬ ማዕዘኑ ላይ ተጨማደደ። ጥሩ ነው የሚሉኝ መስሎኝ አሳየኋቸው።

«መዓሊን፣ ተማሪህ ሲሳሳት ምን ትለዋለህ?»

«ድገመው እለዋለሁ።»

«እንግዲህ ድገመው።»

አራት ጊዜ ፈትቼ ሰፋሁት። በአራተኛው መዳፋቸውን ወንበሩ ላይ አሳልፈው ሌላውን አምጣ አሉኝ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ከእስር ቤት ጋር አብሮ ማውራት እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ግን ነበረ።

ወንበሮቹ ካለቁ በኋላም ሥራ አልጠፋም፤ የመኪና ወንበር ይመጣል፣ ፍራሽ ይመጣል። ክፍሉ መስኮት ነበረው። ነፋስ ይገባል፣ ከከተማው የአዛን ድምፅ ይሰማል። ሌሎቹ ቀኑን ሙሉ በዚያ ጭንቅንቅ ውስጥ ሲውሉ እኛ ብርሃን አለን። ይህን ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ከዚያ ጥቁሩ ጨርቅ መጣ። ከኃላፊው ቀጥሎ ያለው መኮንን ሁለት ጥቅል አሸክሞ ገባና ጠረጴዛው ላይ አስወረደ። በላዩ ላይ አንድ የተሰፋ ናሙና ጣል አደረገበት። ከረጢት ነው፤ አፉ ላይ ገመድ ያለው።

«ይሄን የመሰለ፣ ጨርቁ እስኪያልቅ» አለ። «ነገ ጠዋት ትጀምራላችሁ።»

«እሺ አለቃ» አሉ አደር።

መኮንኑ ሲወጣ ናሙናውን አነሳሁት። ማንሳት አልነበረብኝም፤ ሽታው ወዲያው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። አስቀመጥኩት። ዘበኛው በሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ጫቱን ይቅማል።

«እምቢ ካልን...» ብዬ ጀመርኩ።

«እምቢ አንልም» አሉ አደር። «እምቢ ያለ ይመታል፣ ከዚያ ሌላ ሰው አምጥተው በዚሁ ማሽን ያሰፉታል። ማሽኑ ግን አሮጌ ነው። አሮጌ ነገር ይታመማል።»

ገባኝ። መርፌው የላዩን ክር ይዞ ሲወርድ፣ ከታች የሚዞር መንጠቆ በትክክለኛዋ ቅጽበት ደርሶ ክሩን ይቀበለዋል። መንጠቆው የፀጉር ያህል ከዘገየ ክሩን አያገኘውም፤ ስፌቱ ይዘላል። መንጠቆውን የሚያስረው ትንሽ ቡሎን ነው።

«እኔ ልፈታው አልችልም» አሉ የተሰበረ አንጓቸውን እያዩ። «አንተ ደግሞ ቤትህ ነፍሰ ጡር ሚስት አለችህ። ብትተወው አልፈርድብህም። ወላሂ አልፈርድብህም።»

ስለ ባለቤቴ አሰብኩ። ከተያዝኩ ጀምሮ አላየኋትም። ቡሎኑን የፈታሁት ስለ ጀግንነት አስቤ አይደለም። ጨርቁን ብሰፋው፣ ስወጣ የምትይዘው ይህንኑ እጄን ነው ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያ በላይ አላሰብኩም። ካቻቢቴው አንዴ አምልጦኝ ቡሎኑን ጫረው። መንጠቆውን በትንሹ ወደ ኋላ አዞርኩና መልሼ አጠበቅኩት። 

በማግስቱ መኮንኑ ራሱ ቆሞ አየ። ሰፋሁ፤ ዘለለ። ክር ቀየርኩ፣ መርፌ ቀየርኩ፤ ዘለለ። ጨርቁን ሳብ ሲያደርገው ስፌቱ ሁሉ ተተረተረ።

«እስከ ትናንት ሲሰፋ አልነበረም?» አለ።

«ትናንት እኔም ወገቤን አላመመኝም ነበር፤ ዛሬ ግን ያመኛል» አሉ አደር።

መኮንኑ አልሳቀም። «የሚያውቅ ሰው አመጣለሁ። ተንኮል ከሆነ እናንተን አያድርገኝ» ብሎ ወጣ።

ያመጣው በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው። ከመሀል አገር መጥቶ ጅጅጋ የከረመ፣ ለከተማው ልብስ ሰፊዎች ማሽን የሚጠግን ሰው ነበር። ጎልማሳ ነው፤ አንገቱ ላይ ጥቁር ማተብ አለ። የዕቃ ሳጥኑን አስቀምጦ ለአደር ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ፤ እስረኛን እንደዚያ ሰላም የሚል ሰው ካየሁ ቆይቼ ነበር። ከዚያ ማሽኑን ከፈተ። መኮንኑ ከጀርባው ቆሟል።

እኔ የማየው ቡሎኑ ላይ ያለውን ጭረት ብቻ ነበር። በዘይት ከጠቆረው ብረት መሀል አዲስ ሆኖ ያበራል። ሰውዬውም አየው። እጁ ቆመ። ቀና ብሎ ጣቶቼን አየ፤ ከጣቶቼ ወደ ጠረጴዛው፣ ወደ ጥቁሩ ጥቅልና ወደ ናሙናው። ናሙናው ላይ ቆየ። ከዚያ የዘይት ጨርቁን አንስቶ ቡሎኑን አንድ ሁለት ጊዜ ጠረገው። ጭረቱ በጨርቁ ጥቁር ዘይት ተሸፍኖ ጠፋ።

«ይሄ ብረት ተበልቷል» አለ።

«ምን ማለት ነው?» አለ መኮንኑ።

«አርጅቷል ማለት ነው። ተሞርዶ የሚስተካከል አይደለም። አዲስ ከአዲስ አበባ መምጣት አለበት፤ ለዚህ ዓይነቱ ደግሞ እዚያም መገኘቱን እንጃ።»

«እነዚህ ሰዎች ነክተውት አይደለም?»

«በመንካት የሚሆን አይደለም።»

መኮንኑ ከኪሱ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣ። «ያልከውን ጻፍና ፈርምበት። ስምህንም አድራሻህንም።»

የሰውዬው ሱቁም ቤቱም እዚያው ከተማ ነው፤ ሌላ ባለሙያ መጥቶ ቢከፍተው የሚሆነውን ያውቃል። እጁን በሱሪው ላይ ጠረገና ማሽኑን ጠረጴዛ አድርጎ ጻፈ። ፈረመ። ሳጥኑን ሲዘጋ ወደ አደር ዞረ።

«ረዳትዎ ነው?»

«አዎ።»

«ጥሩ አድርገው አስተምረውታል» አለና ወጣ።

ክፍሉ ሊዘጋ ነው ተባለ። ወደ ጭንቅንቁ ልንመለስ ነው። ዘበኛው ቁልፉን ይዞ ሲጠብቀን አደር ትንሽ ታገሰን አሉት። ክርና ብጣሽ ጨርቁን እንድጠርግ አደረጉኝ። ከዚያ በግራ እጃቸው ዘይቱን ይዘው የማሽኑን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ አጠጡ፤ መርፌውን አወጡ፣ ላዩን ጠረጉ፣ አቧራ እንዳይገባበት በተረፈ ሸራ ሸፈኑት።

«ለማይሠራ ማሽን ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል?» አለ ዘበኛው።

«ማሽኑ ምን አጠፋ?» አሉ አደር። ነጠላ ጫማቸውን አድርገው ከፊት ከፊት ሄዱ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አደርን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷቸው። የት እንደሆነ አልተነገረንም። ከወጣሁ በኋላ ቤተሰባቸውን አፈላልጌ አገኘሁ፤ እነሱም የሚያውቁት ከእኔ የተሻለ አልነበረም። እኔን ያለ ክስ ለቀቁኝ። ወደ ማስተማሩ አልመለሱኝም፤ ስለዚህ በተማርኩት ሥራ ገባሁ። ይኸው ዛሬም የምኖረው ወንበር በማልበስ ነው፤ ልጆቼም ያደጉት በዚሁ ነው።

ያ ጥቁር ጨርቅ ሌላ ቦታ፣ በሌላ ማሽን እንደተሰፋ አውቃለሁ። ማንንም አዳንን ብዬ አላወራም። ያንን የማሽን ጠጋኝ ግን ፈልጌዋለሁ። ሱቁ ነበረበት የተባለው ቦታ ላይ ስልክ ይሸጣል፤ ሰውዬው ወደ አገሩ ገብቷል አሉኝ። አንዱ በሰላም ነው የሄደው ይላል፣ ሌላው ቸኩሎ ነው የሄደው ይላል። የትኛው አገር እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘሁም። ያን ቀን ወረቀቱ ላይ ስሙን ሲጽፍ ከእሱ የራቅኩት አንድ ክንድ ብቻ ነው፤ ግን እጁ ጋርዶት አላነበብኩትም። አሁን በጸሎቴ ሳነሳው «ያ ሰውዬ» እለዋለሁ።